የእህቴ ልጅ በገዳሪፍ መድረክ ላይ

ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ የሚሄድን ሰው ለምን እንደሚሄድ ማንም አይጠይቀውም። ወይ ለሰሊጥ ነው፣ ወይ ለማሽላ፣ ወይ ደግሞ ከዚያ አልፎ ለመሻገር ነው። እኔ ግን ሄጄ ዘፈን ሰምቼ፣ ሽርሽር ወጥቼ፣ ቴአትር አይቼ ተመለስሁ ብላቸው የአዘዞ ጎረቤቶቼ «የሺ፣ አንቺ ደግሞ ቀልድ ታበዣለሽ!» አሉኝ። ቀልድ አይደለም። ስላላመኑኝ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍሁት። እነሱ እንደሆነ መቼም አይሄዱም።

ይህ የሆነው ካርቱም ላይ ጦርነት ከመነሳቱ በፊት በነበረው ጥር፣ በገናና በጥምቀት መካከል ነው። ዛሬ ገዳሪፍ ከየቦታው በተፈናቀለ ሰው ተጨናንቃለች ይሉኛል። እህቴ ግን አሁንም እዚያው ናት፤ ኔትወርክ ሲገኝ በስልክ እንጠያየቃለን።

ስነሳ ለመዝናናት አልነበረም። ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ደውላ «እትዬ፣ በሞቴ መጥተሽ ሣራን ውሰጅልኝ» አለችኝ። ሣራ አንድ ልጇ ናት። እዚያው ገዳሪፍ ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ አሁን ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች። «ማታ ማታ ቴአትር ገብታለች። መድረክ ላይ ወጥታ እኔን እየሆነች ከተማውን ታስቀዋለች። አረብኛዬን፣ አካሄዴን፣ ሁሉን ነገሬን! ተጣልተን ከቤት ወጥታ ሰው ቤት ነው የምታድር። ጎንደር ወስደሽ ሰው አድርጊልኝ እንጂ እኔ አልቻልኋትም» ብላ አለቀሰች። እኔም ንዴቴ ጣራ ነካ። እናቷን መሳቂያ የምታደርግ ልጅ! ጆሮዋን ይዤ ነው የማመጣት ብዬ ዛትሁ።

ሰኞ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄን ዘግቼ፣ መቀሴንና መርፌዬን በፌስታል ጠቅልዬ በጠዋት ከአዘዞ ሚኒባስ ያዝሁ። መቀስ ለምን ትይዣለሽ ያለኝ ሰው ነበር። እኔ ያለ መቀሴ ሌላ አገር ስገባ ራቁቴን የሄድሁ ይመስለኛል።

አይከል ላይ ጉሙ ከመንገዱ ጋር ተጋድሞ፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነበር። ከዚያ ቁልቁለቱ ሲጀምር እኛም ልብስ መጣል ጀመርን። መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ሸኽዲ ስንደርስ በቀሚስ ብቻ ቀረሁ። ምሳ ሽሮ በላን። ሽሮው ደህና ነበር፣ በርበሬው ግን የቆላ በርበሬ ሆኖ አቃጠለኝ።

መንገድ ላይ ሳስብ የዋልሁት ጥሩወርቅን ነው። ከቤት የወጣችው በሃያ ዓመቷ ለሰሊጥ አረም ብላ ነው፤ በዚያው ቀረች። እናታችን በሕይወት ሳለች በየወሩ ትደውል ነበር። እማዬ ጆሮዋ ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መሐል ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ሦስታችንም እናወራለን። «ደህና ነኝ፣ ሆቴል ከፍቻለሁ፣ ምንም አልጎደለብኝ» ትላለች። እማዬ ሁልጊዜ ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «መቼ ነው የምትመጪው?» እሷም መልሷ አንድ ነው፤ «ለጥምቀት»። ብዙ ጥምቀት አለፈ። እማዬም ሳታያት አረፈች። እኔ በልቤ ተቀይሜያት ነበር፤ ሆቴል ያላት ሴት የሁለት ቀን መንገድ አቃታት ብዬ።

መተማ ሳድር የአልጋ ቤቷ ባለቤት ክፍሉ እንደ ምድጃ መጋሉን አይታ አልጋዬን በራሷ እጅ ወደ ግቢው አወጣችልኝ። ራሷም አልጋዋን አጠገቤ አድርጋ «ብቻሽን ደጅ አትተኚም» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ጎንደር ውስጥ ሆቴል ስንት ኮከብ ቢኖረው አይደረግም።

ማክሰኞ

ድልድዩን በእግር ተሻገርሁ። አጭር ድልድይ ናት፤ ሁለት አገር የምትለይ አትመስልም። ማዶው ጋላባት ነው። እዚያ አንድ ፈታሽ ፌስታሌን በርብሮ መቀሴን አወጣና ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። በአረብኛ ይጠይቀኛል፣ እኔ በአማርኛ እምላለሁ። ሰው ከበበን። በመጨረሻ የሸሚዙ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥላ አየኋት። ምንም ሳልናገር መርፌዬን አወጣሁና እዚያው እንደቆመ ቁልፉን ሰፋሁለት። ትንፋሹን ይዞ ቆሞ ቀረ። ክሩን በመቀሱ ስቆርጠው የከበበን ሰው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ፈታሹ ራሱ መቀሴን መልሶ በፌስታል ጠቀለለልኝና ሻይ አዘዘልኝ።

ከጋላባት የተነሳው አውቶቡስ ዶካ የምትባለውን ከተማ እንዳለፈ ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫ የለም። ግራ ቀኙ ጥቁር ሜዳ ነው፤ ማሽላው ታጭዶ ጉቶው ብቻ ቀርቷል፣ ዓይን የሚያርፍበት አንድ ተራራ የለም። እኔ ተራራ በሌለበት አገር ልቤ አይረጋም። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆምን ከሩቅ መንደር ሴቶች ትልልቅ ትሪ በራሳቸው ተሸክመው መጡ። አሲዳ የሚሉት የማሽላ ገንፎ ነው፣ ላዩ ላይ የባሚያ ወጥ ፈሶበታል። እኛ ጋ መንገደኛ ሲቸገር ውሃ እንሰጣለን፣ «አይዞህ» እንላለን። እነዚህ ግን ማንነታችንንም ሳይጠይቁ ለአንድ አውቶቡስ ሰው ምሳ አወጡ። እኛ ሴቶቹ ለብቻ ተቀምጠን በላን። አንዲት አሮጊት እጄ እንደፈዘዘ አይታ በራሷ ጣት እየጠቀለለች ታጎርሰኝ ጀመር። ጉርሻ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ገዳሪፍ ስደርስ መነኻሪያው ላይ ጥሩወርቅን አልፌያት ሄድሁ። እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ ተጠቅልላ፣ ከስታ፣ ፊቷ ጠቁሮ እንዴት ልለያት? «እትዬ!» ስትለኝ ነው የዞርሁት። ተቃቅፈን አለቀስን፤ መንገደኛው ዳር ዳር እያለ አሳለፈን።

«በይ እስኪ፣ ሆቴልሽን አሳይኝ» አልኋት እንባዬን ጠርጌ።

ይዛኝ ሄደች። ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ አንድ የኒም ዛፍ አለ። ከሥሩ አንዲት ጠረጴዛ፣ የከሰል ምድጃ፣ ቅመም የያዙ ጠርሙሶች፣ በገመድ የተጠለፉ ጥቂት በርጩማዎች ነበሩ። «ይኸውልሽ ሆቴሌ» አለችና ጎንበስ ብላ ከሰሉን ማራገብ ጀመረች። ፊቴን አላየችውም። በዚህ ሁሉ ዓመት ቅር ያለኝ በማን ላይ ነው? ብርጭቆ አንስቼ አብሬያት ማጠብ ጀመርሁ።

ረቡዕ

ገዳሪፎች ይህን ወር ሺታ ይሉታል፤ የብርድ ወራት ማለታቸው ነው። ጉድ በል ጎንደር! እኔ በላብ ተጠምቄ እነሱ ጃኬት ላይ ጃኬት ደርበው፣ ጆሯቸውን በሻሽ አስረው ይንቀጠቀጣሉ። «ብርዱ ገደለን» ይሉኛል። አንድ ቀን ብቻ አይከል ባሳደርኋቸው! ግን ለነሱ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ጊዜ ነው። ሰርጉ፣ ዘፈኑ፣ ሽርሽሩ፣ ቴአትሩ ሁሉ የሚከማቸው በዚህ ወር ነው፤ በሌላው ጊዜ ሙቀቱ ሰው ከቤት አያስወጣም።

ጠዋት የጥሩወርቅ ደንበኞች ዘላቢያ የሚሉትን ትኩስ ቦምቦሊኖ ከወተት ሻይ ጋር ይበላሉ። እኔ ረቡዕን ስለምጾም ቀይ ሻይ ጠጣሁ። እህቴ አረብኛ ስታወራ ሳያት ኮራሁ፤ ወንዝ ነው እንጂ አረብኛ አይደለም አልሁ። ቆይቶ ግን አንድ ደንበኛ አባባሏን እየደገመ ሲስቅ ሰማሁት። ወንዱን እንደ ሴት፣ ሴቷን እንደ ወንድ እያደረገች ነው አሉ የምታናግራቸው። የሚስቀው በክፋት አልነበረም። እሷም አብራ ሳቀች። ዘወር ስትል ግን ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ሣራን ፍለጋ ሐጃ ዘይነብ ቤት ሄድሁ። ሐጃ ዘይነብ የእህቴ የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ ሣራ ያደገችው በሁለቱ ቤት መካከል ነው። ስትጣላ የገባችውም እሷው ጋ ነው። የሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ ግንብ ነው፤ እናትና ልጅ በግንቡ ግራና ቀኝ ሆነው አንዷ የሌላዋን ሳል እየሰማች ታድራለች። እንዲህ ያለ ኩርፊያ አይቼ አላውቅም።

ሣራ ረጅም ናት፤ ቁመቷ የእማዬ ነው። ጆሮዋን ልይዝ መጥቼ ደረቷ ላይ ወደቅሁ። «ኻልቶ፣ ኻልቶ» እያለች ሳመችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። አማርኛ ትጀምርና መሐል ላይ አረብኛ ውስጥ ትገባለች፣ ተመልሳ ትወጣለች።

«እንግዲህ ልወስድሽ ነው የመጣሁ» አልኋት፣ ድምፄን ጠንከር ለማድረግ እየሞከርሁ። «እናትሽን የከተማ መሳቂያ አድርገሻታል።»

«እማዬ አይታኛለች?»

«አላየችሽም። ሰው ነገራት።»

«እሺ» አለች ሣራ። «ቅዳሜ እንጫወታለን። ይዘሻት ነይ። ኻላስ፣ በቃ፣ አይታኝ ሂጂ ካለችኝ ካንቺ ጋር እሄዳለሁ። ወላሂ እሄዳለሁ። ካላየችኝ ግን አልሄድም።»

ሐጃ ዘይነብ ከበሩ ላይ ሆና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። አማርኛ ብዙ አትናገርም፣ ግን ትሰማለች። እኔም ይህን ቃል ይዤ ተመለስሁ። ጥሩወርቅ ግን «ሰው ሲስቅብኝ ተቀምጬ ልይ? ሞቼ ነው ቆሜ!» አለችና ውይይቱን ዘጋችው።

ሐሙስ

ማታ ጎረቤት ሰርግ ነበር። እዚያ ሰርግ ድንኳኑ መሐል መንገድ ላይ ይተከላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሠርገኛ ይሆናል። ዘፋኙ ከኦርጋኒስቱና ከከበሮ መቺዎቹ ጋር መጣ። ዜማው ገና ሲጀምር እግሬ ከኔ ፈቃድ ወጣ። ቋንቋውን አላውቀውም፣ ቅኝቱን ግን እንደ ሰፈሬ መንገድ አውቀዋለሁ፤ የት ታጥፎ የት እንደሚወጣ ቀድሜ እደርሳለሁ። እኛ በትከሻ እንመታለን፤ እነሱ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ጣታቸውን እያንኳኩ ወደ ዘፋኙ ይሄዳሉ። በዘፋኙ ራስ ላይ ጣት ማንኳኳታቸው ምርቃት ነው፣ «እሰይ፣ ደስ አሰኘኸን» እንደማለት ነው።

እኔ መቼ ያስችለኛል! አዝማሪ ቤት ያደገ ጎንደሬ ዘፋኝ ሲዘፍን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ግጥም ይሰጣል፣ ዘፋኙም ይቀበላል። ተነስቼ «ተቀበል!» ብዬ ጮህሁ፤

*ወንዙን ተሻግሬ ዘፈን ብሰማ፣*
*ቅኝቱ የኛው ነው፣ አቤት ሲስማማ!*

ዘፋኙ ደንግጦ አቆመ። ኦርጋኑ ቆመ፣ ከበሮው ቆመ። ሰው ሁሉ ሴትዮዋን ምን ነካት ብሎ ዞረ። ከሰው መሐል «እባብ አየች እንዴ?» የሚል ሁሉ ነበር፤ ኋላ ነው የነገሩኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ። ጥሩወርቅ ግን ከሳቋ ብዛት ሆዷን ይዛ እየተንፈራፈረች ተነሳችና በዚያው በጎባጣ አረብኛዋ አስረዳቻቸው። ዘፋኙ ሲገባው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አጥፊዋ እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂው እሱ! ከዚያ ለኛ ብሎ አንድ የአማርኛ ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘፈነ። ግማሹን ቃል ሰባብሮታል፤ ማንም ግን አልሳቀበትም።

ስንመለስ «አየሽ» አልኋት እህቴን፣ «እሱም ቋንቋሽን ሰበረው። አፈርሽበት?»

«አላፈርሁም። ደስ አለኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ ግን ስለ ቅዳሜ ሳነሳባት ወሬ ቀየረችብኝ።

ዓርብ

ዓርብ ለነሱ የዕረፍት ቀን ነው፣ ለኔ ጾም። የቴአትሩ ልጆች ሪህላ ወጡ፤ ሪህላ በብርዱ ወራት ወንዝ ዳር ወይ ግድብ ዳር የሚወጡት የወል ሽርሽር ነው። ሣራ «ኻልቶ፣ ካልመጣሽ አንሄድም» ብላ ጎተተችኝ። በተከራዩት አሮጌ አውቶቡስ በሸዋክ ከተማ በኩል ወዳለው ግድብ ሄድን። ልጃገረዶቹ ደሉካ የሚሉትን ከበሮ መሐል ላይ አድርገው እየመቱ ደረስን። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም አልሁ፤ ዓሣው እየተጠበሰ እኔ ፉል በሰሊጥ ዘይት በላሁ። አንዱ ልጅ «ለምን አትበላም?» ብሎ ሲጠይቅ ሣራ ነገረችው። ከዚያ ሁሉም ዓሣቸውን ይዘው ራቅ ብለው ሄዱ፤ ጠረኑ እንዳያስቸግረኝ ብለው ነው። ውይ፣ አፈርሁ። እኛ ረመዳን ላይ እንዲህ እናደርግ ይሆን?

አዘጋጁን ኡስታዝ ይሉታል፤ ፀጉሩ የሸበተ የትምህርት ቤት መምህር ነው። ሣራ መሐል ሆና እያስተረጎመች ብዙ አወጋን። ቴአትሩ ስለ አንድ የገበያ መንገድ ነው አለኝ፤ ነጋዴ አለ፣ ሹፌር አለ፣ ሐበሻ ሻይ ሻጭም አለች። ሐበሻዋን ድሮ የሚጫወታት ወንድ ነበር፤ ትራስ መቀመጫው ላይ አስሮ፣ ሐበሻ ነኝ ብሎ ያልሆነ ነገር እየቀባጠረ። ሕዝቡ በሳቅ ይሞት ነበር።

«አንድ ቀን አየሁት» አለች ሣራ በራሷ ድምፅ። «ከጓደኞቼ ጋር ነበርሁ። እነሱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ኻልቶ። ቤት ስገባ እማዬ እግሯን በሙቅ ውሃ ነክራ ተኝታ አገኘኋት። በነጋታው ኡስታዝ ጋ ሄጄ እሷን እኔ ልሁናት አልሁት። መሳቃቸው ካልቀረ እውነተኛዋን አይተው ይሳቁ።»

«ይህን ለናትሽ ለምን አልነገርሻትም?»

«አልጠየቀችኝማ! 'አዋረድሽኝ' ነው ያለችኝ» አለችና ወደ ውሃው ዞረች። ያን ጊዜ ዛቻዬ ሁሉ ተነነ። የፈራሁት ሌላ ነገር ነው፤ ነገ ጥሩወርቅ ካልመጣች እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ግንብ ግራና ቀኝ ሊያረጁ ነው አልሁ።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ለመንኋት። ተቆጣኋት፣ አባበልኋት፣ በእማዬ አጥንት ለመንኋት፤ አይሆንም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርጭቆዎቿን ስትሰበስብ ሰለቸኝና «እንደፈቀደሽ» አልኋት። «ግን እወቂው፤ ደንበኞችሽ አይተውሻል፣ ገበያው አይቶሻል። በገዳሪፍ አንቺን ያላየ አንቺው ብቻ ነሽ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ቤት ገባችና ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። እኔው ከዓመታት በፊት ሰፍቼ በመንገደኛ የላክሁላት ነው፤ ስለከሳች የወገቡን ስፌት ሁለት ጣት አጥብባዋለች።

ቴአትሩ የሚታየው በአንድ ክበብ ግቢ ውስጥ ነው፤ ጣራ የለውም፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ሰው ጋቢ የመሰለ ነገር ደርቦ ኦቾሎኒ ይቆረጥማል። ጎንደር ውስጥ ቴአትር ማለት ከአዲስ አበባ ሲመጣ የምናየው ነገር ነው፤ እዚህ የሚጫወቱት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋና መምህሩ ራሳቸው ናቸው። ከኋላ፣ ግንቡ ሥር፣ ከቁረይሻ እርሻዎች ማሽላ አጭደው የጨረሱ የኛ ልጆች ቆመዋል፤ በአነጋገራቸው የአርማጭሆና የመተማ ልጆች መሆናቸውን አወቅሁ። ሐጃ ዘይነብ በጥሩወርቅ ቀኝ፣ እኔ በግራዋ ተቀመጥን። እጇን ያዝኋት።

ሣራ ጠረጴዛዋን በራሷ ተሸክማ ስትወጣ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ያካሄዷ ነገር! ጥሩወርቅ ራሷ ናት፤ ቀኝ እግሯን ትንሽ ሳብ የምታደርገው ሳይቀር። አፏን ስትከፍት ደግሞ ወንዱን እንደ ሴት፣ ሴቷን እንደ ወንድ እያደረገች ከገበያተኛው ጋር ትሟገታለች። የለበሰችው የተጣጣፈ ቡትቶ ነው። እህቴ እጇን ከእጄ መነጨቀች። ልትነሳ ነው አልሁ።

ያን ጊዜ መድረኩ ላይ ስልክ ጮኸ። ሣራ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ፣ ብርጭቆ ማጠቧን ሳታቆም በአማርኛ ማውራት ጀመረች።

«ሃሎ፣ እማዬ! ደህና ነኝ። ኧረ ደህና ነኝ! ሆቴሉ ጥሩ ነው። አዎ፣ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ነው የማዝ።» አንዱ ደንበኛ «ሻይ!» ብሎ ጮኸ፤ በዚያ በጎባጣ አረብኛ «መጣሁ» አለችው። «ምን? ጫጫታው? እንግዶች ናቸው፣ ምሳ ሰዓት ነዋ! አይ፣ አልከሳሁም። እንዲያውም ወፍሬያለሁ።» ሌላው ከሰሉ ጠፋ ብሎ ተቆጣት። ተንበርክካ እፍ፣ እፍ እያለች «ጉንፋን ነው፣ እማዬ፣ አላለቀስሁም» አለች።

ሕዝቡ ይስቃል። አማርኛው ስለማይገባቸው እንደ ድሮው ትራስ ያሰረ ሰውዬ የምትቀባጥር መስሏቸው ነው። ከግንቡ ሥር ያሉት የኛ ልጆች ግን አንዳቸውም ድምፅ አላሰሙም። ያን ጥሪ አውቀዋለሁ! አዘዞ ቤታችን ውስጥ፣ ስልኩ መሐላችን ተቀምጦ፣ ቃል በቃል የሰማሁት ነው። ያኔ ሣራ ትንሽ ልጅ ሆና እዚያ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ትሰማ ነበር ማለት ነው። እኛ ከወዲያ ጫፍ ድምፁን ብቻ ነበር የምንሰማ።

ሣራ ዝም አለች። ከስልኩ ወዲያ ያለችው እናት የምትናገርበት ቦታ ነው። በዚያ ዝምታ መሐል አጠገቤ ያለችው እህቴ ጮክ ብላ፣ በእማዬ ድምፅ፣

«መቼ ነው የምትመጪው?» አለች።

እኛ እንዲህ ነን፤ መድረክ ላይ ያለን ሰው ዝም ብለን አናየውም፣ እንመልስለታለን። ሣራ ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ ጨለማው አየች። እናቷ መምጣቷን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ስልኩ ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«ለጥምቀት» አለች። «ለጥምቀት እመጣለሁ፣ እማዬ።»

ከኋላ አንዱ አጫጅ «እኔም እንዲሁ ብያለሁ» አለ። ሌላው አፍንጫውን ሳበ። ሐጃ ዘይነብ ፊት ለፊቷ ወዳሉት ጎንበስ ብላ የተባለውን በአረብኛ ነገረቻቸው። እነሱ ለቀጣዮቹ ነገሩ። ሳቁ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየጠፋ ሄዶ ግቢው ጭጭ አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ መድረኩ ላይ ወጣና ክንዱን ዘርግቶ በሣራ ራስ ላይ ጣቱን አንኳኳ። ሌላው ተከተለው። እልልታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣ።

ሲያልቅ እናትና ልጅ ይላቀሳሉ ብዬ ነጠላዬን አዘጋጅቼ ነበር። ጥሩወርቅ ግን ሰው እየገፋች መድረክ ላይ ወጥታ መጀመሪያ የተናገረችው «ይህን ቡትቶ ማን አለበሰሽ? እኔ እንዲህ ለብሼ ለሥራ ወጥቼ አውቃለሁ?» የሚል ነው። ከዚያ ሣራ ይዛ አስቀመጠቻት።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገበያ ሄጄ ነጭ ጨርቅ ገዛሁ። አንድ ልብስ ሰፊ ሰውዬ ማሽኑን ለቀቀልኝ። እዚያ ገበያ ውስጥ ማሽን ላይ የሚቀመጠው ወንድ ነው፤ እኔ ስቀመጥ መንገዱ ሙሉ ቆሞ አየኝ። ለቴአትሩ የሚሆን ንጹሕ የሥራ ቀሚስ ሰፋሁ፤ ክንዱ የሚሰበሰብ፣ ፊት ለፊቱ ኪስ ያለው። ጥሩወርቅ አጠገቤ ቆማ «ኪሱን ዝቅ አድርጊው፣ እጄ አይደርስም» እያለች አረመችኝ። ለማን እንደምሰፋ ረስታው ነበር። ማታ ሣራ ዕቃዋን ይዛ በግንቡ ዞራ ወደ ቤት ገባች።

ሰኞ

መነኻሪያው ድረስ ሁለቱም ሸኙኝ። ሣራ ትንሽ ሻንጣ ይዛለች። ቃሏ ቃል ነው፤ እናቷ ሂጂ ካለቻት ልትሄድ። ትናንት ማታ ማንም ስለዚህ አልተናገረም፤ እኔም አልደፈርሁም። የአውቶቡሱ ረዳት ዕቃ ይጭናል፣ ሹፌሩ ሞተር አስነስቷል። ሣራ እናቷን እናቷን ታያለች።

«እንግዲህ ጥሩዬ» አልሁ። «የጠራሽኝ ለዚህ ነበር። ልውሰዳት?»

ጥሩወርቅ ሻንጣውን ከልጇ እጅ ተቀብላ ወደ ጀርባዋ አደረገችው።

«እሷን ከወሰድሻትማ» አለች፣ «እኔን ሆኖ ማን ሊጫወት ነው?»